ሻርፔን ስለያዘው የባለቤቴ እጅ

የምስክሯ ስም፦ በመዝገቡ የፊት ገጽ ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ
አድራሻ፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

በቁጥጥር ሥር የዋለው አናጢ ባለቤቴ ነው። በትዳር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ለፖሊስ መልስ ያልሰጠው ንቆ አይደለም። በመጀመሪያ ቀኝ እጁ ዝልፍልፍ ያለ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ጡንቻው እየተገተረ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ይጨበጡ ጀመር። ሲደነግጥ ይብስበታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዳስተማረችን የተጨበጠ እጅ በጉልበት ሲጎተት የባሰ ይጠብቃል። የእጁን አንጓ ወደ ታች አጥፎ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዞ በቀስታ ማውጣት ነው የሚያላላው።

ዘወትር ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አራምደዋለሁ። ባለሙያዋ ከጎኑ ሆኜ ወገቡ ላይ በታሰረው ቀበቶ እንድይዘው ነበር ያዘዘችን። እኛ ግን ኮሪደሩ ስለጠበበን ፊት ለፊት መቆም ለመድን፤ እሱ ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል፣ ቀኙን እኔ አንስቼ አስቀምጥለታለሁ፣ ከዚያ የኋሊት እሄዳለሁ። "በሠርጋችን ቀን እንዲህ ብትደንስ ምን ነበረበት?" እለዋለሁ፣ ይስቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሻርፕ አድርጌ መውጣቴም እንደዚሁ።

ዛሬ ከረፋዱ 4፡30 ላይ የአንድ ጎረቤት በር በንፋስ ተላተመ። ባለቤቴ ደነገጠ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ቀኝ እጁም አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ ጨበጠ። ክብደቱ በሙሉ ሻርፑ ላይ አረፈ። ትንፋሼ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ "ገደለኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልወጣልኝም። የተማርኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ጣቶቹን መጎተት ያዝኩ፤ እጁ ይብሱን ጠበቀ። ፊቱ በላብ ተጠምቆ ጥርሱን ነክሷል። ያንን ፊት አላውቀውም ነበር። ዓይኔ ጨለመ።

ከታክሲ ሥራው ያረፈው ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ሲወጣ ያየው የባለቤቴን ሁለት እጅ አንገቴ ላይ ነው። "ልቀቃት አንተ! ልቀቃት!" እያለ በጡጫ መታው። ያየውን ነው የተናገረው፣ አልቀየመውም።

ግራ እጁ አንገቴ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር በመርማሪው ተጠይቄ፣ የቀኝ እጁን አንጓ ሲያጥፍ አንገቴ ላይ ተሰምቶኛል ብዬ መልሻለሁ። አውራ ጣቱን ያወጣው እሱ ነው። ደግፈው ያቆሙት ሻርፑና ግራ እጁ ብቻ ስለነበሩ፣ ሁለቱንም ሲለቅ እንደሚወድቅ ያውቃል። ሻርፑ ላልቶ አየር ሳገኝ እሱ መሬት ላይ ነበር። ግንባሩ የተሰነጠቀው በጡጫው አይደለም፣ ሲወድቅ ነው።

በዚያች ቅጽበት ሊገድለኝ ነው ብዬ አምኜ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎ፣ አምኛለሁ ብያለሁ። ይህ ቃል እንዳያሳስረው እፈራለሁ፤ ሆኖም እውነት ተናገሪ ተብያለሁ። እኔ ከእሱ ጋር የምኖረው ተገድጄ እንዳልሆነ፣ አሁንም አብሬው ወደ ቤት መግባት እንደምፈልግ አስመዝግቤያለሁ።

ወደዚህ ክፍል ስገባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ደብቆታል። "ና፣ ተነስ፣ ያዘኝ" ብዬ ትከሻዬን ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ። በዚያ እጅ ዳግመኛ አይነካኝም ብዬ እፈራለሁ፤ እኔን ካልያዘ ደግሞ አይራመድም።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ይኸው ቃል ለባለቤቴም ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት እጠይቃለሁ። መናገር እንጂ መስማት አልተሳነውም፤ "ገደለኝ" ስል ሰምቶኛል።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________