ሁሉንም ሊያስነቅል የወጣው ልብስ ሰፊ

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መቀሱ አጠገቡ ተቀምጦ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፤ ምግብ ከተሰነቀረበትም በያዘው መርፌ ይጎረጉራል። ድዱ ሲደማ ደግሞ «ቁስል አይነካም» ብሎ የጥርስ ብሩሹን ጣለ። ደሙ አልቆመም፤ ጥርሶቹም መነቃነቅ ጀመሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ኮቱን ደርቦ ወጣ። ሁሉንም አስነቅሎ ሰው ሠራሽ ሊያስገባ ቆርጧል። ተከተልኩት። ደረጃው ላይ የወንድሙን ልጅ አገኘናት፤ የጥርስ ሕክምና ተምራ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። የምታሳጥረው ቀሚስ ይዛ ወደ እኛው እየመጣች ነበር።

«ጋሼ፣ በደህና ነው? እርስዎ ሱቅ ዘግተው አያውቁም።»

«ሁሉንም አስነቅዬ ልገላገል ነው፣ ልጄ።»

«ሁሉንም?»

«አያትሽ በእኔ ዕድሜ አንድም አልነበረው። ጥርስና ፀጉር የውሰት ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሲጠይቅ መመለስ ነው።»

«ፀጉሩንስ በጊዜ መልሰሃል» አልኩት ራሰ በራውን እያየሁ።

በጎን ገረመመኝ። ልጅቱ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ የደረጃው መስኮት አጠገብ አቆመችውና አፉን አስከፈተችው። ደህና አድርጋ አየች።

«ጋሼ፣ አብዛኛው ጥርስዎ ጤነኛ ነው። የታመመው ጥርሱን የያዘው ድድ ነው።»

«ድዱማ ይደማል። ለዚህ አይደል ብሩሽ የማላስነካው!»

«የሚደማው ስለማያስነኩት ነው። ቆሻሻው ድዱ ጠርዝ ላይ ይከማችና እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ውሎ አድሮ ከሥር ያለው አጥንት ይበላል። ጥርሱ የሚላላው ያን ጊዜ ነው።»

«ታዲያ ቁስል ፈግፍግ ነው የምትዪኝ?»

«ለስላሳ ብሩሽ፣ ለስላሳ እጅ ነው የምልዎት። እስኪ ልጠይቅዎ፤ ሰው ደህና ኮት ይዞ ቢመጣ፣ ስፌቱ ብቻ የላላ፣ ጣለው ይሉታል?»

እንደ ስድብ ቆጠረው። «እኔ? ስፌቱን ፈትቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ እንደገና አጠብቅለታለሁ እንጂ! ጣለው የሚል ሙያውን የማያውቅ ነው።»

«እንግዲህ ድድ ስፌት ነው።»

ኩሩ ሰው በገዛ ሙያው ከፈረደ ፍርዱን አያጥፍም።

«የማይድን ቢኖርስ?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አልዋሽዎትም፤ የኋላ ሁለቱ ጊዜያቸው አልፏል። ለሌሎቹ ግን ደርሰንላቸዋል። በመርፌ መጎርጎሩንና ክር መበጠሱን ይተዉልኝ። ደግሞ በጥርስ መሃል የሚገባ ክር እሰጥዎታለሁ።»

«ክርማ ሱቁ ሙሉ አለ!»

«ያ የቁልፍ መትከያ ነው፣ ጋሼ!»

ሦስታችንም ሳቅን። በዚያው ቀን በምትሠራበት ክሊኒክ የደረቀውን ቆሻሻ ታጸዳለት ጀመር፤ የኋላ ሁለቱም ተነቀሉ። ጠዋትና ማታ ብሩሽ፣ ማታ ክር፣ በየስድስት ወሩ ምርመራ። መጀመሪያ ሰሞን ሲደማ እኔ ፈራሁ፤ እሱ «ስፌት ሲፈታ አቧራ ይወጣል» ብሎ ቀጠለ። ደሙ ቆመ፣ የአፉ ጠረን ጠፋ፣ ሥጋም እንደ ጎረምሳ ያላምጥ ጀመር። ከዚያማ ደንበኛ አላስቀመጠም! ልብስ ሊለካለት እጁን የዘረጋ ሰው ወዴት ይሸሻል? «ድድህ ይደማል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው!» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ የሚደማ ድድ ተንከባከቡኝ ይላል፤ ጥርስም በደንብ ከተያዘ ባለቤቱን እስከ መጨረሻው ያገለግላል።

እሱን እስከ መጨረሻው አገልግሎታል። ሸምግሎ ለቀዶ ሕክምና የተኛ ዕለት ነርሷ መጣችና «እማማ፣ ከመግባታቸው በፊት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ያውልቁልን» አለችኝ።

«የሚወልቅ የለም፣ ልጄ። የራሱ ናቸው።»

አላመነችኝም መሰለኝ ጎንበስ አለች። ባለቤቴ ያን ሁሉ ሕመም ችሎ ከንፈሩን ገለጠና ሳቅ ብሎ አሳያት። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም፤ የመጨረሻ ሳቁ ግን ሙሉ ነበር።