ኮርቻው ከነባለቤቱ

የአባቴን አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል እንደ ጥንቷ ላደርጋት ብዬ ድሬዳዋን አካለልኳት። በደርግ ጊዜ የእንግሊዝ ዕቃ ከየት ይመጣል? መብራቷንም ጭስ ማውጫዋንም ከየሰዉ ጓሮ ለቃቅሜ ገጠምኩ። የቀረኝ ባለሞላው ኮርቻ ብቻ ነበር። እሱንም መጋላ ሰፈር ውስጥ አገኘሁት፤ ግን ሰው ተቀምጦበታል። አው ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ ጣውላ ሣጥን ላይ ቸንክረውት ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይቅሙበታል። «ይሽጡልኝ» ብላቸው፣ «አቦ ተወኝ! ወገቤን ያቆመው ይሄ ሞላ ነው» አሉኝ። ስመላለስባቸው ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ «በነፃ ውሰደው፤ ግን በርጫዬን የምቅመው እሱ ላይ ነው፤ እሺ በል!» አሉ። ቀልድ መስሎኝ «እሺ!» ብዬ ይዤው በረርኩ፤ ያኑ ዕለት ሞተሯ ላይ ገጠምኩት።

በማግስቱ ምሳ በልተን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። አው ዩሱፍ ናቸው፤ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘዋል። «ኮርቻዬ የታለ?» አሉና ግቢዬ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር የቆመችው ሞተር ላይ ወጡ። ጫታቸውን ቤንዚን መያዣዋ ላይ ዘርግተው፣ ኮዳቸውን መሪዋ ላይ አንጠልጥለው፣ ሚስቴን ውሃ አዘዟት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሬ የምትነዳው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ሆነ።

ቢቸግረኝ ልሸጣት ገዢ አመጣሁ። ሰውየው ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት አው ዩሱፍ ከላይ ሆነው ይቅማሉ። ተስማምተን ልንጨባበጥ ስንል ግን፣ ጉንጫቸውን እንደወጠሩ ወደ ገዢው ጎንበስ ብለው ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ያንተ ግቢስ ጥላ አለው?»