የጋሽ ደሳለ ድንጋይ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከማዶ መንደር በማለዳ የደረሱልን አቶ አብዱልሀሚድ፤ ፀሐዩ ከርሯል፤ ቆማችሁም ነው የምትሰሙኝ። አላስረዝምም። እዚህ የተኙት ሰው ማንንም በከንቱ አቁመው አያውቁም፤ በቀብራቸው ላይ ደንባቸውን ባፈርስ አያምርብኝም።

ወንዴ እባላለሁ። በጤና ጣቢያችን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጋሽ ደሳለ የበሩ ዘበኛ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ ሠርተናል።

ከእሳቸው በፊት እንዴት ነበር የምንታከመው? ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ተራራውን ወርዶ የመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። አስታማሚው እስከ ቀትር ይታመማል፤ ታማሚው ይብስበታል። ወረፋው ራሱ አንድ በሽታ ነበር፤ ያውም መድኃኒት ያልመጣለት።

ጋሽ ደሳለ ምን አሉ? «ወረፋ መያዝ ያለበት ሰው ነው ያለው ማን ነው? ድንጋይ ይያዝላችሁ።» እያንዳንዱ ሰው ምልክት ያለው ድንጋይ ከቤቱ ያመጣል፤ በሩ ሥር ደርድሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሞባይል ወደ ላስታ ሲዘልቅ ሚስኮል ጨመሩበት። አንድ ጥሪ፤ «ከፊትህ ሦስት ሰው ቀርቷል፤ ተነሥ።» ሁለት ጥሪ፤ «ሩጥ።» ስልኩን ማንም አያነሣም።

እማማ ወለተ ሐና እዚሁ አሉ፤ ይመስክሩ። ገበያ ላይ ዶሮ ሲሸጡ ስልካቸው ጮኸ። ገዢው «እማማ፣ አያነሡትም እንዴ?» ቢላቸው፣ «ደሳለ ነው፤ ካነሣሁት ብር ይቆረጥበታል። ይልቅ አንተ ቶሎ ጨምር፤ ከፊቴ ሦስት ሰው ነው የቀረው» አሉት።

አንድ ቀን ደግሞ ባለመኪና ሹም መጡ። «ድንጋይዎ የታለ?» አሏቸው ጋሽ ደሳለ። «እኔ በመኪና ነው የመጣሁት።» ጋሽ ደሳለ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «እንግዲያው መኪናዋ ዘጠነኛ ናት።»

ይህን በየድግሱ ስናወራ፣ ሹሙ ዘጠነኛ ሆነው ገቡ ብለን ነው የምንጨርሰው። ሐሰት ነው። በጓሮ በር፣ አንደኛ ሆነው ገቡ። የጓሮው በር ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያንን በር ያላንኳኳ ማን ነው? ስም አልጠራም። ነጠላችሁን ዘቅዝቃችኋል፤ ያንኳኳው እጅ ከሥሩ አይታይም።

ትልቁ ሐኪም ከከተማ የሚመጣው በወር አንድ ረቡዕ ነው። ጋሽ ደሳለ ሆዳቸውን ካመማቸው ከርሟል። ሁለት ወር ድንጋያቸውን ደረደሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የባሰበት ሲመጣ ወደ ኋላ ገፉት። በዚህኛው ወር መቆም አቃታቸው። «ወንዴ፣ እኔ ቤት ልጋደም። ሲቀርብ አንድ ጊዜ ደውልልኝ» አሉኝ። ድንጋያቸው አሥራ አንደኛ ነበር።

ጓሮው ተንኳኳ። «ወንድም ዓለም፣ አንድ ደቂቃ ናት።» ከፈትኩ። ደግሞ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሰባት ጊዜ ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ቦርሳውን ዘጋ። ያን ቀን ያየው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ከጋሽ ደሳለ ድንጋይ ፊት ግን ገና አምስት ድንጋይ ነበር። ደንቡ ሦስት ሲቀር ደውል ነው የሚለው። ስለዚህ አልደወልኩም። ደንብ አክባሪ ነኝ።

የቀረውን ባለቤታቸው እትዬ ይማርሽ ነገሩኝ። እቤታቸው ኔትወርክ አይደርስም። ስልኩን እትዬ ይማርሽ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ኮረብታው ላይ ቆመው ዋሉ። የአቶ አብዱልሀሚድ በቅሎ ተጭና ደጅ ላይ ዋለች። አመሻሽ ላይ ወርደው «አልደወሉም» ቢሏቸው፣ ጋሽ ደሳለ ምን አሉ? «ወንዴ አይረሳኝም። ኔትወርኩ ነው።»

ዐርብ ማለዳ አረፉ።

ጋሽ ደሳለ፣ ኔትወርክ ነበር።

እርስዎ ለሁላችንም ደወሉ። እዚህ ከቆመው ሰው መካከል የእርስዎ ጥሪ ያልደረሰው የለም። ለእርስዎ የደወለ ግን የለም።

ድንጋይዎን ይዤልዎት መጥቻለሁ። ከራስጌዎ አኑሬዋለሁ። የጓሮውን ቁልፍ ከሥሩ አድርጌዋለሁ። ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ በዚያ በር መግባት የሚሻ፣ እዚህ መጥቶ፣ እትዬ ይማርሽ እያዩት፣ ድንጋዩን ያንሣ።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ደሳለ። በሚሄዱበት ቤት በሩ አንድ ብቻ ይሁንልዎ።