ከስግደት የሚያነሳ

ከከተማው ዳር፣ ከዲመን ሰፈር በሚመጣው ትራም ውስጥ አንዲት ወጣት፣ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ጉልበታቸው ላይ ያሰሩትን ባለሞላ ድጋፍ አይታ ጠየቀች።

«እማማ፣ ይሄ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚያስሩት አይደል? ሊንሸራተቱ ነው?»

«በዚህ ዕድሜዬ! ደረጃውንም በአላህ ኃይል ነው የምወርደው። ሰግጄ ስነሳ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝ ልጄ ገዛልኝ።»

«ወንበር ላይ ሆነው ቢሰግዱ ይፈቀድ የለ?»

«ይፈቀዳል። ግንባሬ መሬት ካልነካ ግን ልቤ አይረካም።»

«ታዲያ ያነሳዎታል?»

«ሞላው ገፍቶ ያነሳኛል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፊታቸው ጠውልጎ።

«ምነው ታዲያ ከፋዎት?»

«ድሮ እጄን ይዞ የሚያነሳኝ የልጆቼ አባት ነበር። ‹አላህ ይቀበልሽ፣ ተነሽ አንቺ ዳተኛ› እያለ ይስቅብኛል። ከረመዳን በፊት ቀበርነው። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚያነሳኝ፣ ልጄ።»

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ ለባለቤቴ ልደውል ስልኬን አወጣሁና፣ እሳቸው እየሰሙኝ ማውራቱ ከብዶኝ መልሼ ከተትኩት።