ማደሯ ይጻፍልኝ

እትዬ፣ እባክዎ ዘና ብለው ይቀመጡ። የጡረታ ሽኝት ንግግር ነው እንጂ ክስ አይደለም። ቢሆንም እያንዳንዷን ቃል እየመዘኑ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ።

እናንተ ወጣቶቹ እትዬ መጀመሪያ የመጡ ቀን አልነበራችሁም፤ እኔ ነበርኩ። የበሩ ጥበቃ "መታወቂያ ያሳዩኝ" አላቸው። እሳቸው ደግሞ "ቅድሚያ ያንተን" አሉት። ሰውየው ደንግጦ አወጣ። ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩና "ፎቶው አንተን አይመስልም" ብለውት ገቡ። የራሳቸውን ግን ሳያሳዩ ቀሩ! የያኔው ኃላፊ "እንኳን ደህና መጡ፣ ወንበርዎ ይኼ ነው" ሲሏቸው "የማን ነበር? ለምን ለቀቀው?" ብለው እስከ ምሳ ቆመው ዋሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው "እትዬ ጠርጥር" አልናቸው። የተረቱን ቀሪ እናንተው ጨርሱት።

እኔ እኮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። ለባልደረባ የልደት ካርድ ይዞራል፤ ሁላችንም ሞነጫጭረን እናሳልፋለን። እሳቸው "ባዶ ቦታ አለው፣ አልፈርምም። በኋላ ምን እንደሚጻፍበት ማን ያውቃል?" ይላሉ። በጠዋት ፈገግ ብዬ ሰላም ካልኳቸው "ምን ፈልገህ ነው?" ይሉኛል። ይህን ግብዣ በድብቅ ስናዘጋጅ እንኳ ጠርተውኝ "ሰሞኑን ሰው ሁሉ በደግ ቃል ያናግረኛል። ምን አጥፍቼ ነው?" ብለውኛል።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያ ጥርጣሬ ምን እንደሠራ አይቻለሁ።

ለእንግዶቻችን ልንገር፤ እኛ የልጅ ቀለብ ክፍል ነን። ወላጆች ሲለያዩ አንዱ ለሌላው በየወሩ ስንት ይክፈል የሚለውን እናሰላለን። ድሮ የከፋዩ ደሞዝ ይታያል፣ ቀለብ ይቆረጣል፣ አለቀ። ከዚያ ደንቡ ተለወጠ። ልጁ ከፋዩ ቤት ባደረ ቁጥር ክፍያው ይቀንሳል ተባለ። ሲያነቡት ክፋት የለውም፤ አብልቶ ያስተኛ ሰው እንደገና ሙሉውን ይክፈል አይባልም። ግን ምን ሆነ? የከተማው አባት ሁሉ ባንድ ጊዜ ልጅ ናፋቂ ሆነ! ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ "እኔ ጋ ነው የሚያድረው" እያለ ተሰለፈ። እናቶቹም ዝም አላሉም። "እባክህ ቅዳሜን እንኳ ውሰደው" ስትል የኖረችው "አንድም ሌሊት ከጉያዬ አይወጣም" ማለት ጀመረች።

እትዬ ታዲያ ሁለቱን ለየብቻ ያስገቡና ሒሳቡን ትተው ስለ ልጁ ይጠይቃሉ። "ሲተኛ መብራቱ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? የጫማው ቁጥር ስንት ነው?" ስንቱ ላብ በላብ ሆኖ ወጥቷል!

ያን የከባድ መኪና ሹፌር ታስታውሱታላችሁ? ልጄ አብዛኛውን ሌሊት እኔ ጋ ናት አለ። የጫማዋን ቁጥር ሲጠየቅ ዓይኑ ፈጠጠ። በሆስፒታል አንሶላ አጣቢ የሆነችው እናቷ ግን ሁሉንም አንበለበለችው። እትዬም "ይኼስ ሲዋሽ ያድራል እንጂ ልጅ አያሳድርም" ብለው አሰናበቱት።

በማግስቱ ሰውየው ልጁን እጇን ይዞ መጣ። ፀጉሯ ተንጨባሯል። "ጫማዋን እናቷ ናት የምትገዛላት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የምሠራው ግን እኔ ነኝ" አለና ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ የመኪና ግራሶ በማይለቀው ጣቱ ይጎነጉን ጀመር። ልጅቷ እንደለመደችው ሆዱ ላይ ደገፍ ብላ ታዛጋለች። ሲጨርስ እትዬ "ፍታው" አሉት።

"ለምን?"

"ድገመው። አንዴማ ለማንም ይሳካለታል።"

ደገመው። እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሡና "አባቱ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አሉት። ሁላችንም ሰማን።

እናትየው ተጠራች፤ አልካደችም። ሥራዋ የሌሊት ፈረቃ ነው። "ክፍያው ከቀነሰ ኪራዩን አልችልም። ቤቱ ከሄደ ልጄ የት ነው የምትመጣልኝ?" አለች። ሹፌሩ ዞር ብሎ "ገንዘቡን ማን ጠየቀሽ? ምንም አይቀነስብሽ። ለእኔ ማደሯ ይጻፍልኝ። ነገ ስታድግ 'አባትሽ ጥሎሽ ሄደ' እንዳትባል ነው" አላት። ማደሯ ተጻፈ፤ ክፍያው በስምምነታቸው ሳይቀነስ ቀጠለ።

እትዬ፣ እኔ መጠርጠር ሰው መጥላት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ የጠረጠሩትን ሰው ከማንም በላይ ቁጭ ብለው ይሰሙታል፤ ሲሳሳቱም ይቅርታ አያሳፍርዎትም። ይህን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ግን በሽታዎ ተጋብቶብኛልና እኔም ልጠርጥር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌሊቱን የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው ተብለናል። ወላጅ መጠየቅ የለም፤ የቆዩ ስምምነቶችም ቀርተው ሁሉም እንደገና ይሰላል። ዛሬ ጠዋት አለቃችንን "ታዲያ ወላጆቹን ማን ያነጋግራል?" አልኳቸው። "ሲስተሙ" አሉኝ። "ሲስተሙ ሲሳሳት ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?" አልኳቸው። "ኬኩ መጥቷል፣ እንሂድ" አሉኝ።

የእትዬ መሄድና የኮምፒውተሩ መምጣት ባንድ ወር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ይባላል። ይሁን፤ እኔ እንጃ። የማውቀው፣ የዚያች ልጅ ስም እንደገና ከሚሰሉት ውስጥ መኖሩን ነው። አባቷ ማደሯ ይጻፍልኝ ስላለ ለእናቷ የሚከፈለው ሊቀነስ ነው። የሰውየው ፍቅር የሴትዮዋን ቤት ሊያስለቅቅ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ጠርቻቸዋለሁ። እኔው አነጋግራቸዋለሁ፤ የተስማሙበትን በስሜ ፈርሜ ለአለቃችን በእጃቸው እሰጣለሁ። እትዬ፣ ዓይንዎ "ማን ፈቀደልህ?" እያለኝ ነው። ማንም አልፈቀደልኝም።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሣ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጆችዎ ቤትዎን ያሙቁት፤ ከእንግዲህ ቤት ሲውሉም ለጎረቤቶችዎ ትዕግሥቱን ይስጣቸው! ደግሞም ለዚያች እናት፣ ቤቷን አያሳጣት።

አለቃችን፣ የእርስዎ ብርጭቆ አልተነሣም። ግድ የለም፣ እንጠብቅዎታለን።