የጋሼ ተፈራ ተራ

ከጎሬ ወደ መቱ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ያወሩ ነበር። አንዷ ወጣት የጃዝ ዘፋኝ ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ ሊያዘፍኗት የጠሯት እናት።

«ማሎ ልጄ፣ ነገ ደግሞ እንደ እህቴ ልጅ ሠርግ እንዳታዋርጂን።»

«ምን አደረግኩ፣ እትዬ?»

«መሀል ላይ ዝም አልሽ እንጂ! ግጥሙ ጠፋባት ብለን ደንግጠን፣ እንዳታፍሪ በእልልታ ሸፈንንልሽ።»

«ኧረ አልጠፋብኝም! ጋሼ ተፈራ ሳክስፎን የሚጫወቱበት ተራ ነበር። በእልልታችሁ የሸፈናችሁት እሳቸውን ነው።»

«እና አንቺ ዝም ብለሽ ቆመሽ ታያለሽ?»

«አዎ። ጃዝ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌውን ተያቸውና በኪቦርድ ብቻ ነይ።»

«መዝፈን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልመጡ እኔም አልመጣም፤ ሌላ ዘፋኝ ይፈልጉ።»

«ኤዲያ! ሠርጉ እኮ ነገ ነው! ከየት ላምጣ?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

«ደግሞም አርጅተዋል። ሰው ፊት ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ?»

«ያኔ እኔ እገባለሁ። ቆሜ የማያቸው ለዚህ ነው።»

እስከዚያ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሳይ የቆየሁት እኔ፣ ዞር ብዬ ልጅቷን አየኋት።