አንድም ልጅ ከፈተና እንዳይቀር የደከሙት ርዕሰ መምህርት አስቴር ሉቃስ

ከነፋስ ስልክም ከሆሳዕናም ለእህታችን ለርዕሰ መምህርት አስቴር ሉቃስ ሽኝት የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ታሪካቸውን በጸጥታ እንድታደምጡን እንለምናለን፤ ደስ የማያሰኘውንም ክፍል አንዘልም።

ርዕሰ መምህርት አስቴር ከአባታቸው ከአቶ ሉቃስ ሀንዲሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነቡ ኤርሲዶ በ1966 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በነፋስ ስልክ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው፣ ጠመኔ እንደያዙ ሸበቱ። በሀይሌ ጋርመንት መስመር ሚኒባስ ከሚያሽከረክሩት ከአቶ ግዛው ጋር በጌታ ፊት ቃል ኪዳን ገብተው ቃለሕይወትንና ሩቲን ወለዱ።

በሀና ማርያም በሚገኘው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነው ሲሾሙ፣ ትምህርት ቤቱ ከወደቀበት ተነሣ ተብሎ የሚመሰገንበት ዘዴ ነበረው፤ ጎበዞቹ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከጎበዞቹ መምህራን ጋር «ሀ» ክፍል ይሰበሰባሉ፣ የቀሩት «መ» ይጣላሉ፣ ፈተናው ሲቃረብ ደግሞ የእነዚህ ወላጆች እየተጠሩ «የትምህርት ቤቱን ውጤት እንዳያበላሽ ልጃችሁ ዘንድሮ ባይፈተን ይሻላል» ይባሉ ነበር። ወይ ጉድ! ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ዝም ብሏል።

እሳቸው ግን ዘንድሮ መስከረም ላይ «ሀ»ን በተኑት፤ ተማሪውን ሁሉ ቀላቅለው የሒሳቡን መምህር ሮበሌን ወደ «መ» ሲያዛውሩ፣ የራሳቸውንም ልጅ ሩቲን እዚያው መደቡ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር አላዩም። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሐሚዳ በስብሰባ መካከል ተነሥተው «በልጆቻችን ዕድል አይቀልዱ!» አሏቸው፤ ከበላይም ውጤቱ ዝቅ ካለ ከቦታቸው እንደሚነሡ፣ ደካሞቹን እንደ ድሮው ቢያስቀሩ ግን እንደሚሻላቸው በግልጽ ተነገራቸው። መልሳቸው «አንድም ልጅ አይቀርም» የሚል ብቻ ነበር። ግትር ነበሩ፤ ይህን የሚክድ ዘመድ የለም።

ግንቦት ላይ የልብ ሕመማቸው ጠንቶ ሐኪም ከአልጋ እንዳይነሡ ቢያዝም፣ ልጆቻቸውን እንዲያስቀሩ በስውር የተመከሩ ወላጆች እንዳሉ ስለሰሙ፣ ያችን ልብ ይዘው ሀና ማርያምን ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። አቶ ግዛው «ኧረ ስለ ጌታ፣ ለልጆችሽ እዘኚ» እያሉ ሲለምኗቸው፣ «ፈተናው ይለፍና እተኛለሁ» ይሉ ነበር። ፈተናው ሊጀመር ሲል ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ።

ፈተናው ባለቀበት ቀን ሩቲ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ሮጣ ስትደርስ፣ ከእናቷ አፍ የወጣው «ማን ቀረ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «ማንም አልቀረም፣ እማዬ» አለቻቸው። ዓይናቸውን ከደኑ፤ በዚያው ምሽት በጌታ አንቀላፉ። ልጅቷን ፈተናው እንዴት ነበር ብሎ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ አንጀታችን የሚቃጠለው በዚህም ነው።

ውጤቱ ገና አልወጣም። እስኪወጣ ድረስ ይህን ነገር ባታነሡት የሚል ምክር ለቤተሰቡ የሰጡ ወዳጆች ነበሩ። ምን እስኪሆን? ዝቅ ቢል ከወንበራቸው የሚያነሣቸው፣ ከፍ ቢል የሚሸልማቸው ሰው ከእንግዲህ አያገኛቸውም።

ርዕሰ መምህርት አስቴር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህት ወንድሞቻቸውንና ውጤት የሚጠብቁ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ በቦታቸው ለሚተካውም ሰው፣ የማንንም ልጅ ከፈተና በር እንዳይመልስ ወኔውን ይስጠው።